ታስሮ አይፎከርም

የያዙኝ ካርቱም፣ ጀሪፍ ሰፈር ውስጥ፣ በጓደኛዬ ሠርግ ማግስት፣ ሻይ ስጠጣ ነው። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች ስሜን ጠሩና «የላ» አሉኝ፤ እንሂድ ማለታቸው ነው። ተነሣሁ። ያስገቡኝ የእስር ክፍል ጠባብ ነበር፤ የቆርቆሮው ጣሪያ ያቃጥላል። በፖለቲካ የታሰረ አንድ ሱዳናዊ መምህር ጠጋ ብሎ ምንጣፉ ላይ ቦታ ለቀቀልኝ።

በዚያን ዘመን ካርቱም የነበርን የተቃዋሚ ድርጅት ሰዎች በዓይነ ቁራኛ ነበር የምንጠበቀው። ጥፋቴን ያወቅኩት ግን ለምርመራ ስቀርብ ነው። ሠርጉ ላይ ፎክሬ ነበር፤ አንዱ ጆሮ ጠቢ «ገዳይ ነኝ እያለ ዛተ» ብሎ ነግሮብኛል።

የሚመረምረኝ መኮንን ማንን እንደገደልኩ ጠየቀኝ። አስተርጓሚው ካርቱም ተወልዶ ያደገ ጎልማሳ ሐበሻ ነው፤ አማርኛው ሳሳ ያለ። ለእሱ ፉከራ ማለት ዛቻ ብቻ ነበር። ሰው ድል አድርጎ ሲመለስ የሠራውን እያነሣ እንደሚፎክር፣ ሠርግ ላይም ለሙሽራው ክብር እንደሚፎከር ላስረዳው ሞከርኩ። የአረብኛ ቃል አጣለት። መኮንኑ ሰለቸውና እዚያው ፎክሬ እንዳሳየው አዘዘኝ። እጄ በካቴና ታስሯል።

«ታስሮ አይፎከርም በልልኝ» አልኩት።

አስተርጓሚው ትክ ብሎ አየኝና ተረጎመው። መኮንኑ ትንሽ አሰበ፤ ካቴናውን አስፈታልኝ። ሸሚዜን አስተካክዬ ቆምኩ።

«ዘራፍ! ዘራፍ!
የበረሃው መንገደኛ፣ የጥማት ገዳይ፣
በእግሩ ያሸነፈ የሱዳንን ፀሐይ!»

አስተርጓሚው ሳቅ አመለጠው። አባቱ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በዓውዳመት እንዲሁ ይሉ እንደነበር ነገረኝ። ከዚያ ወደ መኮንኑ ዞሮ በአረብኛ ብዙ አስረዳ፤ የገደልኩት ጥማትን መሆኑን ሲነግረው ሰማሁ። መኮንኑ እጄን መልሶ ሳያስር ወደ ክፍሌ ላከኝ።

ድምፄ እዚያ ድረስ ተሰምቶ ኖሯል። መምህሩ ምን እንደሆንኩ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ተነሣና፣ እነሱ ሠርግ ላይ እንደሚያደርጉት፣ ክንዱን ከራሴ በላይ ዘርግቶ ጣቱን አጮኸ። «አብሽር!» አለኝ፤ ደስ ይበልህ ማለቱ ነው። ሌሎቹ እስረኞችም እየተነሡ አጮኹልኝ። ያን ቀን የቀረበልን ፉል ጣፈጠኝ።

ከሳምንታት በኋላ ለቀቁኝ፤ ምክንያቱን የነገረኝ የለም። ዛሬ ሰዎች «ፉከራ ነው» ሲሉ ባዶ ዛቻ ማለታቸው ነው። ልጄ የተመረቀች ቀን ግን እንግዶቹ ፊት ተነሥቼ ስለ እሷ ፎከርኩ። አማርኛዋ እንደዚያ አስተርጓሚ ሳሳ ያለ ነው፤ ሆኖም ምን እንደምል ማንንም አልጠየቀችም።