ኑሪ ያሰፋት ቀዳዳ

ኑሪ አብራር ሶማሌ ተራ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ካርቡራቶር ብቻ ሠርቷል። ፍሬን ቢሉት ወደ ጎረቤት ይልካል፤ ማርሽ ቢሉት አልሰማሁም ይላል። እኔ ከጎኑ ባለችው ጠባብ ሱቅ ፊልትሮ ስለምሸጥ ጉራውን በየቀኑ እሰማለሁ። ጉራው አንድ ነው፤ እሱ የነካው ካርቡራቶር ተመልሶ አይመጣም። ብዙውን ጊዜ እውነቱን ስለሆነ ደግሞ የበለጠ ያናድደኛል።

የእትዬ በለጥሻቸው ላንድሮቨር ብቻ ትመለስ ነበር። እትዬ በበርበሬ በረንዳ ገበያ የታወቁ የጅምላ ነጋዴ ናቸው። ሟች ባለቤታቸው የተዉላቸውን ያቺን አሮጌ መኪና ራሳቸው እየነዱ በየዓመቱ ለመስቀል ወደ አገራቸው ወደ ጉመር ይወጣሉ። ጣጣው የመጨረሻው ዳገት ነው። መኪናዋ ጭቃው ውስጥ ገብታ አፍንጫዋን ሽቅብ ስታቀና ታንቃ ቀጥ ትላለች፤ የመንደሩ ሰው በመስቀል ልብሱ እየሳቀ ይገፋታል። በዚህ የተማረረው የበኩር ልጃቸው ምንይሉ ገዢ ፈልጎ አገኘ። ዘንድሮ አንድ ጊዜ እንኳ ከተገፋች ትሸጣለች አለ፤ እትዬም በንዴት ቃላቸውን ሰጡት።

አዲሱ ዓመት በገባ በሦስተኛው ቀን ኑሪ ዘንድ መጡ።

«ኑሪ፣ እውነቱን ንገረኝ» አሉት። «ሳትነካት በፊት እኮ እስከ ዝግባው ትወጣ ነበር። መጀመሪያ ስትሠራልኝ ከዝግባው በታች ቆመች። ካቻምና መታጠፊያው ላይ፣ አምና ደግሞ ገና ድልድዩ ጋ። አሁን ብትሠራልኝ ወልቂጤ ላይ ነው የምትቆመው?»

እኔ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ኑሪ ገላመጠኝና «ጉልበት አነሳት ስላሉኝ ቤንዚን ጨመርኩላት» አላቸው።

«ቤንዚንማ ዳገቱ ላይ ይሸተኛል ብዬህ የለ? በርበሬ በአፍንጫዬ የምለይ ሴት ነኝ። ሦስት ዓመት ነገርኩህ፣ ሦስት ዓመት አልሰማኸኝም።»

ኑሪ ካንዴላዎቹን ፈትቶ አወጣ፤ ቤንዚን ሲበዛ እንደሚሆነው ጥላሸት ለብሰዋል። ካርቡራቶሩን ከፈተና ቤንዚኑን የምትመጥነውን፣ መሃሏ ቀዳዳ ያላትን ትንሽ የናስ ብሎን ብርሃን ላይ ይዞ አያት። የኛ ሰፈር ልማድ ነው፤ ባለ አራት ጎማ ጎታች መኪና ያለው ሁሉ ጉልበት ጨምሩልኝ ብሎ ይመጣል፣ ኑሪም ቀዳዳዋን በቀጭን መሰርሰሪያ ትንሽ ያሰፋታል። አስፋልት ላይ ደስ ይላል። ጉመር ግን ከፍታ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑም መቀነስ ነበረበት። ኑሪ በየዓመቱ እየጨመረላት ኖሯል።

ከዚያ ያደረገውን በሠላሳ አንድ ዓመት አይቼበት አላውቅም። ካርቡራቶሩን ቤንዚን ሞላበትና ጠረጴዛው ላይ አሰረው፤ ከዚያ የጠረጴዛውን ሁለት እግሮች ጡብ ላይ አቆመ። ጠረጴዛው ዳገት ሆነ። ቤንዚኑ ወዲያው ገንፍሎ በካርቡራቶሩ ጉሮሮ ወረደ። ሰውዬው ዕድሜ ልኩን ለዳገት የሚሠራውን ሁሉ ሲፈትን የኖረው ሜዳ ላይ ነው።

ከበርጩማው ተነሣ። «እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ሦስቴም ያበላሸኋት እኔ ነኝ።»

እንዲህ ሲል ሰምቼው ስለማላውቅ አንጀቴን በላው። እትዬ ሳቁ።

«እንግዲያው ለመስቀል አብረኸኝ ትሄዳለህ። ከቆመች አንተ ትገፋለህ።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንተም ትመጣለህ፣ ስትስቅ አይቼሃለሁ።»

ያልሰፋች ብሎን ፍለጋ ምናለሽ ተራን ሁለት ቀን አሰስን። ከአሮጌ ካርቡራቶር እየፈታን ባየናቸው ብዙዎቹ ላይ ኑሪ የራሱን እጅ እያወቀ አንገቱን ይደፋ ነበር። በመጨረሻ አንዲት ያልተነካች አገኘን። ቀጥሎ ተንሳፋፊውን አስተካከለ፤ እንደ ውኃ ሮቶ ተንሳፋፊ ቤንዚኑ ሲሞላ መግቢያውን የሚዘጋው እሱ ነው። ቶሎ እንዲዘጋ አደረገና ጡቡ ላይ ደግሞ ፈተነው። አንድ ጠብታ አልፈሰሰም።

ለመስቀል ሄድን። እትዬ አስቀድመው ደውለው ኑሪ እንዲበላ ሙስሊም ጎረቤታቸው በግ እንዲያርዱ ነግረዋል። እሳቸው መሪው ላይ፣ ኑሪ ከጎናቸው፣ እኔና ምንይሉ ከኋላ ተቀምጠናል። ድልድዩ ጋ ስንደርስ የመንደሩ ሰው እጅጌውን ሰብስቦ ለመግፋት ተሰልፎ ይጠብቃል። እትዬ ከባዱን ማርሽ አስገብተው ሰላም እንኳ ሳይሉ አለፉ።

ኑሪ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። መታጠፊያውን አለፍን። ጎማው ጭቃ ይረጫል፣ ሰማይ ብቻ ይታየናል፤ ሞተሩ ግን አንድ ድምፅ ይዞ ይጎትታል። ዝግባውን ስናልፍ እትዬ እልል አሉ፤ እኔም አላውቅበትም እንጂ ሞከርኩ። ከደጃፋቸው ስንቆም መኪናዋ ቤንዚን ሳይረገጥላት በሚኒሞ ረጋ ብላ ትሠራለች። ኑሪ እንባውን በእጀ ጠባቡ ጠረገ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ገፊዎቹ እያለከለኩ በእግራቸው ደረሱ። አንድ ሽማግሌ ቅር ብሏቸው «ምነው በለጥሻቸው፣ መኪናሽን ሳንገፋ በዓል አለ እንዴ?» አሉ። እትዬ ለማካካስ እሳቸውንና ጓደኞቻቸውን ጭነው ወደ ድልድዩ ወረዱና መልሰው ወጡ። ይህን ያዩ ሌሎች ሽማግሌዎች ለመሳፈር ከአጥሩ ሥር ተራ ይዘው ተሰለፉ። ከሦስተኛው ዙር በኋላ ምንይሉ ወደ እናቱ መስኮት ቀረበ።

«እማዬ፣ አንድ ዙር ልንዳት?»

«ገዢህስ?»

«ደውዬ ቀርቷል ብዬዋለሁ።»

እትዬ በእጃቸው ወደ አጥሩ አመለከቱት። ምንይሉ ሄዶ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ቆመ።