ሮማንወርቅ በለንደን ያቆመችው ችሎት

ሮማንወርቅ ለንደን የገባችው በስልሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ መስቀል በዋለ በሳምንቱ ነው። ስድስት ኪሎ በሕዝብ አስተዳደር ክፍል ረዳት ሌክቸረር ነበረች፤ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። ማስተሯን ይዛ በሁለት ዓመት ልትመለስ ስለነበር፣ ለእንግሊዝ ክረምት ብላ ሻንጣዋ ውስጥ የከተተችው አንድ ሹራብ ብቻ ነበር።

ዓመቱ ሳይሞላ አብዮቱ ፈነዳ። መጀመሪያ ላይ ለንደን ያለው ኢትዮጵያዊ ተማሪ ሁሉ በደስታ ሰከረ። እሷም ሰው በታጨቀበት ጠባብ ክፍል ወለል ላይ ተቀምጣ፣ ስለ አዲሲቱ ኢትዮጵያ ወረዳዎችና ቀበሌዎች ስትከራከር ታመሽ ነበር። ከዚያ ነገሩ ከረረ። አብረዋት ያስተምሩ ከነበሩት አንዳንዱ ታሰረ፣ አንዳንዱ ጠፋ። ስኮላርሺፑም ቆመ። አንድ እሁድ ታላቅ ወንድሟ በስንት መከራ ስልክ አግኝቶ ደወለና፣ «አንቺ ልጅ፣ ሰማሽኝ? ባለሽበት ተቀመጪ» አላት። ሌላ ነገር ሳይጨምር መስመሩ ተቋረጠ። ያን ዕለት እስኪበቃት አለቀሰች። በማግስቱ ፊቷን ታጥባ ሥራ ፍለጋ ወጣች። ቁዘማ የሚሆንላት ሴት አልነበረችም።

አርችዌይ በሚባል የለንደን ሰፈር፣ ከአንድ ጫማ ሰፊ ሱቅ በላይ ያለ ፎቅ ቤት ከኣረጋሽ ጋር ተከራየች። ኣረጋሽ የአስመራ ልጅ ናት፤ አማርኛን ተምራው ያደገች፣ ከአዲስ አበባ ልጅ ያላነሰች ተናጋሪ ነርስ። ሮማንወርቅ ቀን በአንድ ሆቴል አንሶላ ትተኩሳለች፣ ማታ ማታ ትማራለች። እንዲህ እንዲህ ስትል ማስተሯን ጨረሰች። በሰባ ዓመተ ምሕረት ደግሞ በለንደን ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ፣ ለማታው ክፍል የሕዝብ አስተዳደር የሚያስተምር ሰው ፈልጎ ቀጠራት። ሥራው በሳምንት አንድ ምሽት፣ ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነበር። እሷ ግን አዲስ ጫማ ገዛችለት።

ተማሪዎቿ የየካውንስሉ፣ የየሰፈሩ ማዘጋጃ ቤት ማለት ነው፣ ሠራተኞች ነበሩ። ቤት የሚያድሉ፣ ቆሻሻ የሚያስጠርጉ፣ ቤተ መጻሕፍት የሚጠብቁ፤ ቀኑን ሙሉ ሲለፉ ውለው፣ ዕድገት ለማግኘት ሲሉ የሚመጡ ትልልቅ ሰዎች። ሮማንወርቅ እንግሊዝኛዋ እንዳይሰናከልባት ስለፈራች፣ ትምህርቱን ከዳር እስከ ዳር ጽፋ እየሄደች ታነብላቸው ጀመር። ከፊት ወንበር ሚስተር ብሪግስ የሚባል ጢሙ የቀላ ግዙፍ ሰው ይቀመጣል፤ የቤት ጥገና አለቃ ነው። ገና ሁለተኛውን ገጽ ሳትገልጥ ያንኮራፋል። ጎኑ የተቀመጠችው ሴት በክርኗ ስትጎስመው ባንኖ፣ «ጣሪያው ነው?» ይላል። ሌሎቹ በሳቅ ይፈነዳሉ። ክፍሉም ከሳምንት ወደ ሳምንት እየሳሳ ሄደ።

ሮማንወርቅ አንገቷን ደፍታ ሰነበተች። አንድ ማታ ታዲያ ከኣረጋሽ ጋር ደረጃውን ማን ይጥረግ በሚለው ተጣሉ። ኣረጋሽ ተራው ያንቺ ነው አለቻት። ሮማንወርቅ ከወንበሯ ብድግ አለች፤ ነጠላዋን አደገደገች፤ እጇን ዘረጋች። ባለፈው ሳምንት ማን እንደጠረገ፣ ጭቃውን ማን ይዞ እንደገባ፣ የሆስፒታል ጫማ ምን ያህል ጭቃ እንደሚሸከም አንድ በአንድ እየጠየቀች መላወሻ አሳጣቻት። ኣረጋሽ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«ቆይ፣ ቆይ! ይኼን ሁሉ ከየት አመጣሽው?»

«ከአባቴ ነዋ። ደብረ ብርሃን ላይ የታወቁ ነገረ ፈጅ ነበሩ። ልጅ ሆኜ ከችሎቱ መስኮት ሥር እቀመጥ ነበር። ማታ ወንድሜን ዳኛ አድርጌ ስሟገት ነው ያደግሁት።»

«ታዲያ አንቺ ሴት፣ ለእኔ ለአንድ ደረጃ ይኼን ያህል አንደበት ካለሽ፣ ለእነዚያ ለደከማቸው ሰዎች ለምን ወረቀት ታነቢላቸዋለሽ?»

ሮማንወርቅ ደረጃውን እየዘፈነች ጠረገችው።

ሐሙስ ክፍሉ ስትገባ ወረቀቷን ከቦርሳዋ አላወጣችም። ጠረጴዛዎቹን ወደ ግድግዳ አስጠጋችና ተማሪዎቹን ግራና ቀኝ አቆመቻቸው።

«ሎሚ ሜዳ የሚባል ከተማ አለ» አለች። «ካርታ ላይ አትፈልጉት፤ እኔ ነኝ የቆረቆርኩት። የሎሚ ሜዳ ካውንስል የሕዝቡን መታጠቢያ ቤት ዘግቶ የመኪና ማቆሚያ ሊያደርገው ነው። በቀኝ ያላችሁ ካውንስሉ ናችሁ፤ በግራ ያላችሁ ሕዝቡ።»

ቀጥላ በአባቷ ጊዜ በላ ልበልሃ የሚባለው ሙግት እንዴት እንደነበር ነገረቻቸው። ከሳሽ ይቆምና «ተጠየቅ!» ይላል። ተከሳሽ «ልጠየቅ!» ብሎ ይቀበላል። ከዚያ በኋላ ወደ ጎን ማለት፣ አለቃዬን ልጠይቅ ማለት፣ ጉዳዩ በሌላ ክፍል ነው ማለት የለም። ፊት ለፊት መመለስ ነው።

ብሪግስን ሆን ብላ ሕዝቡ ውስጥ ጨመረችው፤ እቤቷ መታጠቢያ የሌላት አሮጊት ሁን አለችው። ሰውየው መጀመሪያ አፈረ። ከዚያ ግዙፍ ትከሻውን ሰብቆ፣ የአንዷን ተማሪ ሻሽ ራሱ ላይ ጣል አድርጎ፣ በቀጭን ድምፅ ጮኸ።

«ተጠየቅ! የት ልታጠብ? በሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ?»

ክፍሉ በሳቅ ተናጠ። ካውንስል የሆኑት መመለስ ነበረባቸውና፣ ቀን በየቢሯቸው የሚሉትን እየደረደሩ ሲመልሱ፣ ያ ሁሉ ያማረ ቃል እዚያች አሮጊት ፊት እንዴት ባዶ እንደሆነ ራሳቸው ሰሙት። ሮማንወርቅ በየመሃሉ እያስቆመች፣ «አሁን ያልከው ነገር በመጽሐፋችን ምን ይባላል?» ትላለች። እነዚያ ሲያስተኟቸው የከረሙ ንድፈ ሐሳቦች ሥጋ ለብሰው መጡ። በዚያ ምሽት ማንም አላንኮራፋም።

በሚቀጥለው ሳምንት የቀሩት ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ከሌላ ክፍል የሚመጡ ሰዎች በሩ ላይ መቆም ጀመሩ። ጎረቤት ክፍል ሒሳብ አያያዝ የሚያስተምሩት ሰው ግን ጩኸቱ አስመረራቸውና አቤት አሉ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሚስተር ሃርግሪቭ፣ ቃል ከአፋቸው የማይወጣ ቀጭን ሰው፣ ሮማንወርቅን ኮሪደር ላይ አግኝተው፣ «በመጪው ሐሙስ ክፍልዎ ገብቼ አያለሁ» አሏት።

ሮማንወርቅ ደነገጠች። ለዚያው ሐሙስ አቶ ኪዳኔን ጋብዛ ነበር። አቶ ኪዳኔ በጃንሆይ ጊዜ ሸዋ ውስጥ የአውራጃ ዳኛ የነበሩ፣ ለሕክምና እንደመጡ በዚያው ሰቨን ሲስተርስ ሰፈር ልጃቸው ቤት የቀሩ ሽማግሌ ናቸው። ያወቀቻቸው በቤተ ክርስቲያን ነው። ስልክ ደውላ፣ «አባባ፣ ክርክር አለ» ስትላቸው፣ «ከማን ጋር?» ብለው ጠየቋት።

«ከእንግሊዞች ጋር።»

«በምን ጉዳይ?»

«በመታጠቢያ ቤት።»

«መጣሁ!» ብለው ስልኩን ዘጉት።

ለኣረጋሽ፣ «አይምጡ ልበላቸው ይሆን? ኃላፊው ፊት ጉድ እሆናለሁ» አለቻት።

«አይምጡ ብትያቸው ነው ጉድ የምትሆኚው» አለች ኣረጋሽ። «ስድስት ዓመት ሙሉ ተከራካሪ አጥተው ልጃቸውን ሲያስጨንቁ የኖሩ ሰው እኮ ናቸው። ይምጡ!»

ሐሙስ ደረሰ። ሃርግሪቭ ከኋላ ወንበር ብዕራቸውን ይዘው ተቀመጡ። አቶ ኪዳኔ ካፖርታቸውን በአንድ ትከሻቸው እንደ ሸማ ጣል አድርገው፣ ጃንጥላቸውን እንደ ዘንግ ተመርኩዘው ገቡ። ቤቱን ቃኘት አደረጉና በአማርኛ፣ «ዳኛው ማነው?» አሉ።

«ዳኛ የለም አባባ፤ ትምህርት ነው እኮ» አለች ሮማንወርቅ በሹክሹክታ።

«ያለ ዳኛ ሙግት የት አገር አለ?» ዓይናቸው ሃርግሪቭ ላይ አረፈ። «አዎ፣ እኒያ ናቸው። አስተያየታቸው የዳኛ ነው።» ከወገባቸው ጎንበስ ብለው እጅ ነሷቸውና በጃንጥላቸው ወደ ፊት ያለውን ወንበር አመለከቱ። «ጌታዬ፣ ይሰየሙልን።»

ሮማንወርቅ ይህን ስትተረጉም ላብ አጠመቃት። ሃርግሪቭ እስከ ጆሯቸው ቀሉ። ከዚያ ሰውየው ብዕራቸውን ኪሳቸው ከተው ተነሡና፣ ፊት መጥተው በመምህሯ ወንበር ላይ ተሰየሙ።

ካውንስሉን ወክሎ የቆመው ብሪግስ ነበር። አቶ ኪዳኔ ጃንጥላቸውን ወደ ኮርኒሱ አንስተው «ተጠየቅ!» ሲሉ መስኮቱ የተንቀጠቀጠ መሰለ። «ሊተየክ!» አለ ብሪግስ፣ ደረቱን ነፍቶ።

«ይህን መታጠቢያ ቤት ስለምን ትዘጋዋለህ?»

ብሪግስ ሙያው ነውና ጣሪያው እንደሚያፈስ፣ ቧንቧው እንደዛገ፣ የውሃ ማሞቂያው ቦይለር እንደማይጠገን አሳምሮ አስረዳ። ሮማንወርቅ ቃል በቃል ተረጎመች። ሽማግሌው ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡ።

«መልካም። ጣሪያው ያፈሰሰበት ሰው ጣሪያውን ይከድናል ወይስ ቤቱን አፍርሶ በቅሎ ያስርበታል? ተጠየቅ!»

ሮማንወርቅ ይህን በእንግሊዝኛ ስትለው ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ። ብሪግስም የዋዛ አልነበረም፤ «በቅሎዋም እኮ የሕዝቡ ናት!» አለ። አቶ ኪዳኔ በደስታ እግራቸውን መሬት መቱ። «ይበል! ይኼ ልጅ የሙግት ሰው ነው!» እንዲህ ሲጎሻሸሙ የትምህርቱ ሰዓት አለፈ። የጽዳት ሠራተኛዋም መጥረጊያዋን ይዛ ከሕዝቡ ወገን ቆመች። በመጨረሻ ሃርግሪቭ ጠረጴዛውን በጥቁር ሰሌዳ መጥረጊያ መቱ፤ የጠመኔ አቧራ ሸፈናቸው። ካውንስሉ ሕዝቡን ሰብስቦ ሳያዳምጥ በሩን እንዳይዘጋ ፈረዱ።

አቶ ኪዳኔ ጎንበስ ብለው፣ «ፍርዱ ደግ ነው፤ ግን ይግባኝ ብያለሁ» አሉ።

«አባባ፣ አሸንፈዋል እኮ!»

«አውቃለሁ ልጄ። ለሚቀጥለው ሐሙስ መምጫ ምክንያት ይሁነኝ ብዬ ነው።»

ሰኞ ሃርግሪቭ ቢሯቸው አስጠሯት። ጥፋቷን ልታስረዳ የተዘጋጀችበትን ሳትጀምር እሳቸው ቀደሟት። «እዚህ ቤት ዕድሜዬን አስተምሬያለሁ» አሉ። «ተማሪዎች ሰዓት አልቆ አንወጣም ሲሉ ያየሁት ግን ባለፈው ሐሙስ ነው። ቋሚ የሌክቸረርነት ቦታ ልናወጣ ነው። አፕላይ ቢያደርጉ ደስ ይለኛል።» የሒሳብ መምህሩንም ወደ ላይኛው ፎቅ አዛወሯቸው።

ለኢንተርቪው የቀረበችው በግንቦት ነው። ከፈታኞቹ አንዱ፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በአገርዎ ያለውን ሁኔታ በጋዜጣ እናነባለን። ከዚያ የመጣ ሰው ስለ አስተዳደር ለእኛ ምን ሊያስተምር ይችላል?» አሏት። ጥያቄው አጥንቷ ድረስ ዘልቆ ተሰማት። ግን አልተቆጣችም፤ በልቧ «ልጠየቅ» አለች።

«ጌታዬ፣ እናንተ አገር መሥሪያ ቤት ሰውን አልሰማ ሲል ሰው ይናደዳል፣ ጋዜጣ ላይ ይጽፋል። እኔ ከዚያ አልፎ ሲሄድ የት እንደሚደርስ የማውቅ ሰው ነኝ። ስለዚህ ተማሪዎቼን ከሁሉ አስቀድሜ የማስተምራቸው መስማትን ነው።»

ሰውየው መነጽራቸውን መልሰው ገፍተው መልሷን ማስታወሻቸው ላይ ጻፉት።

ማለፏን እንደሰማች ሮጣ ስልክ ቤት ገባችና ኣረጋሽ የምትሠራበት የሆስፒታል ዋርድ ደወለች። ኣረጋሽ እልልታዋን አቀለጠችው። የዋርዱ አለቃ ሰው የሞተ መስሏት እየሮጠች መጣች፤ ነገሩን ስትሰማ ግን አብራ ጨበጨበች። በዚያ ዓርብ ተማሪዎቹ በሙሉ መጠጥ ቤት ይዘዋት ሄዱ። ብሪግስ በትከሻው ሊሸከማት ሲል በልመና ተወ። አቶ ኪዳኔ የእንግሊዝ ቢራ ሞቅ ያለ ነው ብለው ቢያማርሩም ብርጭቋቸውን አላስተረፉም።

ከዚያ ወዲህ ያሉት ዓመታት ለሮማንወርቅ የሩጫና የጥጋብ ዓመታት ነበሩ። ዶክትሬቷን ያዘች፤ ሲኒየር ሌክቸረር ሆነች። ሎሚ ሜዳም ከዓመት ወደ ዓመት አደገች፤ ትምህርት ቤት፣ የአውቶቡስ መስመር፣ እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ሁለት ምክትል ከንቲባዎች ወጡላት። ሰባዎቹ እየገፉ ሲሄዱ ደግሞ ከሱዳን በኩል ብዙ የአገሯ ሰው መጣ። ክሮይደን ባለው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ሲሰለፍ ውሎ፣ ከዚያ ወዲያ ወዴት እንደሚሄድ የማያውቅ ሰው። ሮማንወርቅና ኣረጋሽ በአንድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ትምህርት ከፈቱ። ካውንስል ምንድን ነው? ቤቱ ሲበላሽ ለማን ይነገራል? የአካባቢው ተመራጭ ማነው፤ ለምንስ አይፈራም? እሷ በአማርኛ ታስረዳለች፣ ኣረጋሽ አማርኛ ለሚከብዳቸው በትግርኛ ትደግመዋለች።

ከቅዳሜ ተማሪዎቹ አንዷ አልታየሽ ነበረች። ሁለት ልጆች ይዛ ሰቨን ሲስተርስ አንድ የካውንስል አፓርታማ የገባች፣ ከሰው ፊት ድምፅዋ የማይሰማ ሴት። ማሞቂያዋ ከተበላሸ ቆይቷል። «እርስዎ ይናገሩልኝ እትዬ ሮማን» ብትላት፣ «አብሬሽ እሄዳለሁ፤ የምትናገሪው ግን አንቺ ነሽ» አለቻት።

በሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ የእንግሊዝ ክረምት ሲገባ፣ የተከራዮች ስብሰባ ተጠራ። ሮማንወርቅ ከኋላ ተቀመጠች። አልታየሽ እጇን አነሳች፤ ቃል በቃል ቆጥራ በተማረቻት እንግሊዝኛ ቀስ እያለች ጀመረች። የካውንስሉ ሰው መጀመሪያ ጉዳዩ በሌላ ክፍል ነው አላት።

«ኖ» አለች አልታየሽ። «ዩ አንሰር ሚ። ሂር።»

አዳራሹ ዞሮ አያት። ሮማንወርቅ እጇን አፏ ላይ ጭና፣ አንዲት ቃል እንዳታመልጣት ከራሷ ጋር ታገለች። ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገና ጠጋኝ ሰኞ እንደሚልክ ሁሉ በሚሰማበት ተናገረ።

ሲወጡ ውጭው ያካፋ ነበር። የአልታየሽ ፊት በርቷል።

«እትዬ ሮማን፣ ጮኽኩ እንዴ?»

«ኧረ ምንም አልጮኽሽ!»

«እንግዲያው በሚቀጥለው ስብሰባ ስለ ሊፍቱም አነሳለሁ» አለች አልታየሽ። ከመንገዱ ማዶ ካለው ቤት ትኩስ ቺፕስ ገዝተው፣ በአንድ ጃንጥላ ሥር ሆነው እየበሉ፣ ስለ ሊፍቱ ምን እንደሚባል እየተማከሩ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄዱ።