እናትሽ ማን ትልሻለች?

ጠይባ ሱቅ የላትም። መካነ ሰላም ውስጥ ከገበያው በላይ በተከራየችው ቤት ጋቢ፣ ሻሽና ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና አጣጥፋ ትደረድራለች፤ የምትሸጠው ግን በስልክ ነው። የከተማው ሰው በቴሌግራም ቻናሏ ያዛታል። የደሴና የአቀስታ ወጣቶች በቲክቶክ ያገኟታል። አረብ አገር ያሉ ሴቶች ደግሞ በፌስቡክ ገጿ እየገቡ ለቤተሰቦቻቸው ያስልካሉ።

መጀመሪያ ላይ አንዱን ጋቢ በቴሌግራምም በፌስቡክም ሸጣው አፍራ ታውቃለች። ከዚያ ወዲህ የሦስቱንም ትእዛዝ በአንድ ደብተር ትይዛለች፤ ዕቃው፣ ገዢዋ፣ ተቀባዩ፣ የሚያደርሰው ሹፌር። የተሸጠው ዕቃ ላይም ክር ታስራለች፤ ለቴሌግራም ቀይ፣ ለቲክቶክ ቢጫ፣ ለፌስቡክ አረንጓዴ። ክር የታሰረበትን ማንም ቢለምናት አትሰጥም።

ጎረቤቷ ድንቅነሽ፣ «ለዕቃሽ ሁሉ ማተብ አሰርሽለት እኮ» እያለች ትስቅባታለች።

በሐምሌ ብርድ፣ አረንጓዴ ክር የታሰረበት አንድ ባና ከአቀስታ ተመልሶ መጣ። የሚኒባስ ሹፌሩ አስናቀው ደጇ ላይ አወረደው።

«ተቀባይዋ እትዬ ፈንታዬ አልቀበልም አሉ» አላት።

«ምነው?»

«‹ከዘይነብ የተላከ› ብዬ ተጣራሁ። ‹ዘይነብ የምትባል ልጅ የለችኝም፤ የሰው ዕቃ ቤቴ አላስገባም› አሉ። አንቺ የጻፍሽልኝ እሱን ነው፣ እኔ ምን ላድርግ?» ሊሄድ ዞሮ እንደገና ቆመ። «ደግሞ ‹ከየትምወርቅስ የመጣ የለም?› ብለው ጠየቁኝ። የለም አልኳቸው። ተመልሰው ገቡ።»

ጠይባ ደብተሩን ገለጠች። ዘይነብ ይላል። ፌስቡኩም ዘይነብ ነው የሚለው። የጎደለ ነገር አላገኘችም። ባናውን ወደ ቦታው ልትመልስ ስትል ግን እጇ ዘገየ። ጅዳ በኖረችባቸው ዓመታት እሷ ራሷ ሃያት ነበረች። ደላላው ባወጣላት ፓስፖርት ላይ የሰፈረው ስም ያ ስለነበር፣ ማዳሟም ባለሱቁም ሃያት ነበር የሚሏት። አብረዋት ከነበሩት የክርስቲያን ልጆች ብዙዎቹ በሙስሊም ስም ነበር የተሻገሩት። ይህን ሁሉ እያወቀች፣ ደብተሯ ላይ የጻፈችው የፓስፖርቱን ስም ብቻ ነው።

ስልኳን አንስታ ለዘይነብ ጻፈች፦ «እህቴ፣ እናትሽ ማን ትልሻለች?»

መልስ ቶሎ አልመጣም። ለዘይነብ አሠሪዎቿ ስልክ የሚሰጧት ዓርብ ዓርብ ብቻ ነው። በመሃል አንዲት ደንበኛ ያንኑ ባና አይታ ብትለምናትም፣ ጠይባ ክሩን አልፈታችም።

ዓርብ የድምፅ መልእክት መጣ።

«የትምወርቅ» አለች ልጅቱ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ከተጠራሁበት ቆየሁ። እባክሽ ለእማዬ ዘይነብ ማን እንደሆነች እንዳትነግሪያት። ሃይማኖቷን ቀየረች ብላ ታለቅሳለች። እኔው ራሴ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ።»

ጠይባ ወደ አቀስታ ደወለች።

«እንደምን አሉ እማማ? ከመካነ ሰላም ነው የምደውለው። ያ የመለሱት ባና ከየትምወርቅ ነው። ስም ያሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ አፉ ይበሉኝ።»

እትዬ ፈንታዬ ቀድመው የጠየቁት ስለ ልጃቸው ነው።

«ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ዛሬ ድምፅዋን ሰምቻለሁ።»

«እንግዲያ ላኪው ልጄ። ያ ሹፌር ግን አሁንም እንደዚያን ቀኑ ጮክ ብሎ ይጣራ። የለም ሲል ጎረቤት ሁሉ ሰምቶታል።»

አስናቀው ጮክ ብሎ ተጣራ። ከየትምወርቅ ነው አለ፤ ቁልቁል ያሉት ቤቶች ድረስ ተሰማ። እትዬ ፈንታዬ ባናውን ከእጁ ተቀብለው እዚያው ደጅ ላይ እንደቆሙ ደረቡት።

ጠይባ በደብተሩ ዳር ቁልቁል አዲስ መስመር አሰመረች። ከላይ «እናቷ የምትጠራት» ብላ ጻፈችበት። ከዚያ ገጾቹን ወደኋላ እየገለጠች፣ አረንጓዴ ክር ላሰረችላቸው ሁሉ ያንኑ ጥያቄ ላከች። አንዳንዶቹ ወዲያው መለሱላት። የሌሎቹ ቦታ ዓርብ እስኪደርስ ባዶውን ይጠብቃል።