አመድ የነካው ዘር

ልጄ ሞለኪዩላር ባዮሎጂስት ናት። ቃሉን አስተካክዬ ለመጥራት አንድ ክረምት ፈጅቶብኛል፤ የልጅ ልጆቼ ሲስቁብኝ ከረሙ። አሁን ግን በከተማችን በመካነ ሰላም ከእኔ የተሻለ የሚጠራው የለም። ሥራዋ በእህል ቅንጣት ውስጥ ያለውን ዘረመል ማንበብ ነው። እኛ ሰው ከአያቱ ምን እንደወረሰ ከመልኩ እንደምናውቅ፣ እሷ ገብስ ከአያቱ ምን እንደወረሰ ታውቃለች። ያገኘችውን ትጽፋለች። የጻፈችውን በሌላ አገር ያሉ ምሁራን ያነቡታል፤ በእሱ ላይ ተመርኩዘው የራሳቸውን ሲጽፉ ስሟን ይጠራሉ። የምሁር ክብሩ የሚለካው ስንት ሰው ስሙን እንደጠራው ነው ብላኛለች።

ይህን ስትነግረኝ አልገረመኝም። በእኛም አገር እንደዚሁ ነው። ከሰው ዘር ወስዶ የሚዘራ ገበሬ የመጀመሪያውን ጭብጥ ሲበትን የሰጪውን ስም ይጠራል። «የእገሊት ዘር ነው፤ በረካው ለእሷም ይድረስ» ይላል። ስም ሳይጠራ የዘራ ሰው ቢያመርትም እንደ ሌባ ይታያል። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ በላይ አልተማርኩም። ይህን ሕግ ግን ከፊደል በፊት አውቀዋለሁ። አፍርሼዋለሁም። የምጽፈው ስለዚያ ነው።

በንጉሡ ዘመን ማብቂያ በደረሰው ድርቅ ጊዜ የምንኖረው ከመካነ ሰላም ሽቅብ ግማሽ ቀን በሚያስኬድ ደጋ ነበር። ልጄ ገና ጡት አልጣለችም። የበልጉ ዝናብ ቀረ፣ ክረምቱም መጥቶ እንዳልመጣ ሆነ፣ የተረፈውን ውርጭ መታው። ሰዉ መጀመሪያ በጉን ሸጠ፣ ቀጥሎ በሬውን፣ በመጨረሻ ዘሩን በላ። እኛም በላን። ባሌ ከጎታው ሥር ጠርጎ ያወጣውን ቆልቼ አቀረብኩ፤ ቆረጠምነው።

ጎረቤቴ አልበላችም። እሷ ሙስሊም ናት፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ግቢያችንን የሚለየው አንድ የድንጋይ ካብ ነበር። ጥቁር ሰነፍ ገብስ ነበራት። ሰነፍ ገብስ ልብስ የለውም፤ ሳይሸከሸክ ለቆሎ ይደርሳል፣ ስሙም የወጣለት ለሰነፍ ሴት ይመቻል ተብሎ ነው። የእሷ ደግሞ ውርጭ የማይደፍረው ነበር። ከእናቷ የወሰደችው ነው፤ እናቷም ከእናቷ። በየዓመቱ ዛላውን እያየች ትመርጣለች። ነቀዝ እንዳይበላው ከአመድ ጋር ለውሳ ትልቅ ቅል ውስጥ ትከተዋለች፤ የቅሉን አፍ በእበት ለቅልቃ ከምድጃው በላይ ትሰቅለዋለች። በዚያ ዓመት ሳማ እየቀቀልን ስንበላ ቅሉ እንደተሰቀለ ነበር።

ትንሿ ልጇ ኩፍኝ ይዟት በዚያው ሰሞን ሞተች። ቅሉ ከራስጌዋ በላይ ተሰቅሎ ነበር። የእኔዋ ተረፈች። ከቀብሩ በኋላ ሴቶቹ ምንጭ ወርደን ውሃ ስንቀዳ «ልጇን በገብስ ለወጠች» ተባለ። ካሉት አንዷ እኔ ነኝ። ያ ገብስ ለአምስት ነፍስ ከሳምንት እንደማያልፍ፣ ኩፍኝንም እንደማይመልስ አውቅ ነበር። እያወቅሁ ነው ያልኩት።

በተከታዩ በልግ ዝናቡ መጣ። መሬቱ ራሰ፣ የሚዘራ ግን አልነበረም። ጎረቤቴ ቅሉን አውርዳ እበቱን በቢላ ፈለቀቀችና ገብሱን በአራት ከፈለችው። አንዱን ድርሻ በሰፌድ ይዛ በካቡ ላይ አቀበለችኝ።

«ለእኔ አይገባም» አልኳት። «ምንጭ ላይ ያልኩትን ሰምተሻል።»

«ሰምቻለሁ። የምዘራው ምላስሽን አይደለም። ውሰጂ።»

«ለራስሽ ምን ሊተርፍሽ ነው?»

«አብሽሪ። እኔ ጋ ቢቀር አንቺ ጋ ይበቅላል። ሁሉን አንድ መሬት ላይ የሚጥል ሞኝ ነው።»

ባሌ ሲዘራ ስሟን ጠራ። ከካቡ ማዶ እስክትሰማ ድረስ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠራ።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ንጉሡ ወረዱ፣ መሬት ለአራሹ ተባለ፣ ጭሰኞች የነበርነው የገበሬ ማኅበር አባል ሆንን። እውነት ለመናገር ደስ ብሎኛል፤ የባላባቱን ሲሶ ተሸክሞ መሄድ የቀረበትን ቀን እስከ ዛሬ እባርከዋለሁ። ግን ፍትሕ በአንድ በር ሲገባ በሌላው ሲወጣም አይቻለሁ። በአንድ ስብሰባ ላይ «በድርቁ ጊዜ እህል የደበቀ ይጋለጥ» ተባለ። የታሰበው ለሀብታሞቹ ነበር። ከኋላ አንድ ድምፅ «ቅል ሰቅላ ልጇን ያስራበች ሴትም አለች» አለ። ጎረቤቴ ከአጠገቤ ተቀምጣለች። እጇን ያዝኩት፤ እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዟል።

በዚያው ሳምንት አንድ የእርሻ ባለሙያ መጣ። ከድርቁ የተረፈ ዘር ለመሰብሰብ የወረቀት ከረጢትና እርሳስ ይዞ የሚዞር፣ ጨዋ የከተማ ሰው ነበር። የማኅበሩ ሊቀመንበር ጠመንጃ አንግቶ ይከተለዋል። እኔም በዚያ ዓመት የምርቴን መልካም መልካሙን መርጬ፣ ጎረቤቴ እንዳሳየችኝ አመድ ለውሼ፣ በቅል ሰቅዬ ነበር። ሰውየው ከቅሉ እፍኝ ዘገነና ወደ በሩ ብርሃን ይዞት ሄደ።

«እህቴ፣ ይህ ገብስ ከድርቁ እንዴት ተረፈ? ማን አቆየው?»

ሊቀመንበሩ ጆሮውን አቀና። ጎረቤቴ ከካቡ ማዶ ቆማ ታየኛለች።

«ማንም አላቆየውም» አልኩ። «ከመካነ ሰላም ገበያ የገዛሁት ነው።»

ሰውየው የሰፈራችንን ስም ጻፈ፣ «ከገበያ» ብሎ ጻፈ፣ ከረጢቱን አስሮ ሄደ። ጀርባቸውን ሲሰጡ ጎረቤቴ ወደ ካቡ ተጠጋች።

«ጎበዝ ዋሾ ነሽ። የት ተማርሽው?»

«ምንጭ ላይ።»

ልጇ ከሞተች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው።

ያኔ መዋሸቴ ልክ ነበር፤ ዛሬም ቢመጡብኝ እደግመዋለሁ። ልክ ያልሆነው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሊቀመንበሩ ተሻረ፣ ኋላም መንግሥቱ ወደቀ፣ የሚያስፈራ ነገር አለፈ። ጎረቤቴ አርጅታ ሞተች። እኔም ወደ ከተማ ወረድኩ። ያ ወረቀት አንድ ቦታ ተቀምጦ በእኔ ምላስ እየዋሸ መሆኑን ግን ረሳሁት።

ልጄ ተምራ ትልቅ ሆነች። ገብስ ውርጭን እንዴት እንደሚችል ማጥናት ስትጀምር፣ የአገሩ ዘር ከሚቀመጥበት መሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ የሰፈራችንን ስም አየች። የሰፈሩ ልጅ ሆና እንዴት ትለፈው? ያን ዘር ወስዳ የብርታቱን ምክንያት ዘረመሉ ውስጥ አገኘች። በምሁራን ዘንድ ያስጠራት ጽሑፍ ይኸው ነው። ዘሩ ከማን እጅ እንደወጣ መዝገቡ አይናገርም፣ እሷም አታውቅም። እኔም የትኛውን ገብስ እንደምታጠና ጠይቄያት አላውቅም። ገብስ ገብስ ነው ብዬ።

አንድ ፋሲካ ልትጠይቀኝ መጣች። ፊቷ ጨልሟል።

«ምን ሆነሻል?»

«አንድ የውጭ አገር ምሁር ተቃወመኝ፣ እማዬ። ዘሩ ከገበያ የተገዛ ነው፣ ከየት እንደመጣ አይታወቅም ይላል። ከደጋው ውርጭ ጋር የኖረ ዘር ነው ማለት አትችይም ነው የሚለኝ። የሠራሁት ሁሉ የቆመው በዚያ ላይ ነው።»

«እውነቱን ነው። በገበያችን የወረኢሉም የአጅባሩም እህል አንድ ጆንያ ውስጥ ይገባል።»

«አንቺ ከማን ጋር ነሽ?»

«ከእውነቱ። እስቲ መዝገቡን አንብቢልኝ።»

ከስልኳ አነበበችልኝ። የሰፈራችን ስም። ጥቁር ሰነፍ ገብስ። ከመካነ ሰላም ገበያ የተገዛ። ከሥር ደግሞ ያ ሰው የጨመራት አንዲት መስመር አለች፦ አመድ የነካው።

«የመጨረሻዋን ድገሚያት።»

«አመድ የነካው። ቆሻሻ ነበረበት ማለቱ ነው።»

«ስንት ዓመት ነው የተማርሽው?»

«እማዬ፣ አሁን ይሄ ምን አመጣው?»

«ለገበያ የሚወጣ እህል በአመድ ይለወሳል? ማን ይገዛዋል? አመድ የሚነካው ለዘር የተቀመጠ ብቻ ነው። ይህ ገብስ ገበያ አይቶ አያውቅም። ከእኔ ቅል የወጣ ነው። ከገበያ ነው ብላ የዋሸችውም እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገርኳት። ምንጭ ላይ ያልኩትንም አልደበቅሁም። ከዚያ ያሳደግኳትን ልጅ የሚመስል ነገር ተናገረች።

«ይህን እንዲሁ ብጽፍ ለራሷ ጥቅም እናቷን ምስክር አቆመች ይሉኛል። እውነታቸውንም ነው። ሌላ ማስረጃ ያስፈልገኛል።»

«ማስረጃው እንደተሰቀለ ነው» አልኳት። «ነገ እንሂድ።»

በማግስቱ መኪናው እስከሚደርስበት ድረስ ሄደን የቀረውን በእግራችን ወጣነው። ጉልበቴ አልፈቀደም ነበር፤ እኔ ግን አላማከርኩትም። የጎረቤቴ ልጅ ዛሬ ሽበታም ገበሬ ነው፤ በእናቱ ቤት ይኖራል።

«ግቡ እማማ፣ ግቡ። ምነው በደህና?»

«የእናትህ ገብስ አለ?»

«ይጠፋል ብለው ነው?»

ቅሉን አወረደ። ልጄ አመዱን በጣቷ ጠርጋ ቅንጣቱን ስታይ እንባዋ መጣ። ለምርመራ የሚበቃት ያህል ሰጣት።

«ስትዘሪው ስሟን ጥሪ እንግዲህ» አላት።

«እኔ እንኳ አልዘራውም፣ ጋሼ። የማነበው ነው።»

«ስታነቢውም ጥሪ።»

የእናቱ ስም በጽሑፉ እንዲገባ ያን ቀን ፈቀደላት። እዚህ ግን ስሟን አልጻፍኩም፤ ፈቃዱ ለዚያ ጽሑፍ እንጂ ለእኔ ወሬ አይደለምና።

ምርመራው ወራት ፈጀ። በጎረቤቴ ልጅ ቅል ያለው ገብስና ያኔ በከረጢት የሄደው አንድ ሆነው ተገኙ። ከየገበያው ከተሰበሰቡት ጋር ሲተያይ የሚመስለው አልነበረም። ልጄ ማረሚያውን ጽፋ ከመላኳ በፊት በአማርኛ አነበበችልኝ። «ሰጪዋ በወቅቱ በነበረው ሁኔታ ምክንያት ትክክለኛ ያልሆነ መረጃ ሰጥታለች» ይላል።

«ዋሽታለች በይ» አልኳት።

«በሳይንስ ጽሑፍ እንዲህ አይባልም።»

«ሳይንስ ውሸትን ምን ብሎ ይጠራዋል?»

«ትክክለኛ ያልሆነ መረጃ።»

«አቆላምጦ ነዋ። የኔን ተዪው። የእሷን ግን አድበስብሰሽ አታልፊያትም። ዘሩን ማን እንዳቆየው፣ በምን ዘመን እንዳቆየው፣ ሳትበላው እንደሰጠችን ጻፊ። መረጃውን የሰጠችው ደግሞ እናቴ ናት በይ። ይወቁት።»

እንዳልኩት ጻፈችው። የጎረቤቴ ስም በሙሉ ገባ፣ የእኔም ከነጥፋቴ ገባ።

ሌላ በልግ አልፎ አንድ ቀን ጠዋት ስልክ ደወለችልኝ።

«ያ የተቃወመኝ ሰው አዲስ ጽሑፍ አወጣ። በእኛው ገብስ ላይ ሠርቶ።»

«ስሟን ጠርቷል?»

«ጠርቷል።»

«ያንቺንስ?»

«የእኔንም።»

«ማንን አስቀደመ?»

«እሷን።»

«እንግዲያው ይዝራ» አልኳት።