ሎሬታ አላስተምርም ያለችው መጽሐፍ

ሎሬታ አርቹሌታ ፑዌብሎ ከተማ፣ እኔ ቤተ መጻሕፍቱን በምይዝበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ሃያ ሁለት ዓመት ጤና አስተምራለች። ተማሪ ሲዋሻት መነጽሯን ታወልቅና "እሺ፣ አሁን ደግሞ እውነቱን" ትላለች።

በግዛታችን ማሪዋና ለአዋቂ በሕግ ከተፈቀደ ዓመታት አልፈዋል። ለክፍሏ የሚላከው መጽሐፍ ግን ያው የድሮው ነበር፤ አንዴ የሳበ ሁሉ ያብዳል፣ የሚሸጥ ሁሉ ወንበዴ ነው ይላል። አንድ ማክሰኞ ይህንኑ ስታነብ ያስሚን የምትባል የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ እጇን እንኳ ሳታወጣ አቋረጠቻት።

"ቲቸር፣ እናቴ እኮ በፈቃድ ነው የምትሸጠው። ወንበዴ ናት?"

"እስቲ ናሙና አምጪልና!" አለ ዴቨን የሚባለው ቀልደኛ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ያስሚን ዓይኗ እንባ ሞላ።

ሎሬታ መጽሐፉን ዘጋችው። "አይደለችም። እኔም ሳላምንበት ነው ያነበብኩት፣ ይቅርታ። ሐሙስ እናትሽን ይዘሽልኝ ነይ።"

ዳይሬክተሩ ሃልቨርሰን ሲሰማ ጮኸ። "ሻጭ ክፍል ውስጥ? አብደሻል እንዴ?"

"ልጆቹ በየቀኑ በማሪዋና ሱቅ በር ያልፋሉ። የሌለ የምናስመስለው እኛ ብቻ ነን።"

"አልፈቀድኩም!"

"ሰምቻለሁ" አለችው። ሐሙስ እናትየዋን፣ ግራሲዬላን፣ አስገባቻት።

"እኔ በአሥራ አራት ዓመቴ ጀመርኩ" አለች ግራሲዬላ። "አልሞትኩም፣ አላበድኩም። ግን አሥረኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ተማርኩት፤ ሁለቱንም አላስታውስም።" ልጆቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። "አእምሯችሁ ገና እየተሠራ ነው። ሃያ አንድ ዓመት ሳይሞላው ሱቄ የሚመጣ ማንም ይሁን ማን እመልሰዋለሁ።"

ያኔ ዴቨን ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ወንድሜ አጭሶ ነው በመኪና ከትምህርት ቤት የሚወስደኝ። ምን ላድርግ?" አለ።

"አትሳፈር። እኔ አደርስሃለሁ" አለችው ሎሬታ። ከዚያን ቀን ጀምሮም ታደርሰው ነበር።

በሳምንቱ አስተዳደሩ ጠራት፤ ወይ መጽሐፉን አስተምሪ፣ ወይ ክፍሉን ልቀቂ።

"ለልጅ ውሸት አላነብም። እምቢ ማለቴን በጽሑፍ አስፍሩልኝ።"

ክፍሏን ነጠቋትና ስፖርት ሜዳ መደቧት። በነጋታው ፊሽካዋን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ቤተ መጻሕፍቱ እኔ ዘንድ መጣች።

"በምሳ ሰዓት እዚህ ላስተምራቸው ነው። ስንት ወንበር ትሰጪኛለሽ?"

"አሥር።"

"አይበቃም።"

እውነትም አልበቃም። ፀደይ ሲገባ ልጆች ሳንድዊቻቸውን ይዘው ወለሉ ላይ ይቀመጡ ጀመር። አንድ ቀን ሃልቨርሰን መጥቶ በሩ ላይ ተገተረ። ሎሬታ ንግግሯን አላቋረጠችም፤ በእጇ ብቻ ግድግዳውን አሳየችው፣ ከፈለገ ተደግፎ እንዲሰማ።