ሙሾ ፍለጋ

አባቴ ሰቆጣ ውስጥ ባለ አንድ ደብር የዜማ መምህር ነበር። እኔም ከተማሪዎቹ መሀል ተቀምጬ ዜማ ተምሬያለሁ፤ መቀመጡን ግን አልቻልኩበትም። ጆሮዬ ይቀበላል፣ እግሬ ይሸሻል። ጎረምሳ ሳለሁ ትምህርቱን ትቼ የኪነት ቡድን ውስጥ ከበሮ መቺ ሆንኩ። ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ እሱንም ትቼ ቲያትር ልማር አዲስ አበባ ገባሁ። አባቴ እስኪሞት ድረስ ስለ ሥራዬ አንድም ቀን አልጠየቀኝም።

አዘጋጅ ከሆንኩ በኋላም አልረጋሁም። መድረክ ላይ ሁለት ሰው ሲነጋገር ከደቂቃ በላይ መታገሥ ያቅተኝና መሀሉ ላይ ክራር ወይም ዋሽንት አስገባለሁ። አንዲት አንጋፋ ተዋናይት በልምምድ መሀል ጽሑፏን ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ «እኛ ተዋንያን ነን ወይስ የሙዚቃህ አጃቢዎች?» ብላኛለች። እውነቷን ነበር።

ከዚያ ወደ ፊልም ዞርኩ። ድርቅ ስላፈናቀለው አንድ ቤተሰብ ስሠራ፣ ታሪኩ ውስጥ አንዲት አሮጊት ትሞታለች። ለቀብሯ ሙሾ ያስፈልገኛል። አቀናባሪው በኦርጋን የሠራው አልዋጥልኝ አለ። የተዋንያኑም ለቅሶ ልምምድ ልምምድ ሸተተኝ። የድምፅ ባለሙያዬን ይዤ ወደ ትውልድ አገሬ ወደ ዋግ ተነሣሁ።

ሰቆጣ እናቴ ቤት ያደርነው አንድ ሌሊት ብቻ ነው። ጠዋት ምግብ ስታቀርብ እኔ ቆሜ በላሁ፤ የድምፅ ባለሙያው ግን አጠገቧ ተቀምጦ እያጎረሰችው ሲያጫውታት አረፈደ። «አንተም ተቀመጥ፤ ሥራህ የት ይሸሻል?» አለችኝ። መኪና ያመልጠናል ብዬ ወጣሁ።

መኪናው ካደረሰን ከጽጽቃ ከተማ ግማሽ ቀን በእግር ተጉዘን ነው በሙሾዋ የታወቀችውን ሴት ያገኘናት። ዕድሜዋ ከእናቴ ብዙም አይርቅም። ደጃፏ ላይ ማሽላ በሰፌድ እያነፈሰች ነበር። አፏን የፈታችው በኽምጣና ስለሆነ አማርኛዋ ቀስ ያለ ነው። የመጣሁበትን ጉዳይ ነገርኳት።

«ሬሳው የት አለ?» አለችኝ።

«ለፊልም ነው እናቴ። ፊልሙ ውስጥ የምትሞት ሴት አለች።»

«እውነት ትሞታለች?»

«አትሞትም። የውሸት ነው።»

«እንግዲያው የውሸት አልቃሽ ፈልግ።»

ሁለት ቀን ደጅ ጠናሁ። አልተበገረችም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ባዶ እጄን መመለሱ ቢከብደኝ፣ «እናቴ ሞታለች» አልኳት። «ሥራ ላይ ሆኜ ቀብሯ ላይ አልደረስኩም። አላለቀስኩላትም።» ከአፌ ሲወጣ እንደ ተጠና ተውኔት የተስተካከለ ነበር።

ሴትዮዋ ሰፌዱን አስቀመጠች። እናቴ የት እንደኖረች፣ ምን ትወድ እንደነበር፣ እጇ በምን ይታወቅ እንደነበር ጠየቀችኝ። የሰቆጣው መሪጌታ ሚስት መሆኗን ነገርኳት። ከዚያ ወዲያ የምለው አጣሁ። ስለዚህ ለፊልሜ አሮጊት የጻፍኩትን ሰጠኋት፤ ፈትል ትወድ ነበር፣ እንዝርት ከእጇ አይለይም ነበር አልኩ።

ነጠላዋን አዘቅዝቃ ጎረቤቶቿን ጠራች። በኽምጣና የወረደው ሙሾ እስከዚያ ቀን ከሰማሁት ዜማ ሁሉ ይበልጥ ነበር። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ተቀበሏት። እኔም አለቀስኩ፤ እንባዬ የእውነት ነበር፣ ለማን እንዳለቀስኩ ግን አላውቅም። እናቴ ካጎረሰችው ሳምንት ያልሞላው የድምፅ ባለሙያ ማዳመጫውን ከጆሮው ሳያነሣ ቀርፆ ጨረሰ። ያን ቀን ግን አላናገረኝም።

ለፊልሙ የገደሉን ነፋስና የፍየሎቹን ድምፅ ስንቀርፅ አራት ቀን ቆየን። ወሬው በገበያተኛ ቀድሞን ሰቆጣ ገብቷል። እናቴ ሰፈር ስንደርስ፣ ፊት ለፊቷ ያለው ሙስሊም ባለሱቅ ለለቅሶው ያመጣውን አግዳሚ ወንበር ተሸክሞ ወደ ቤቱ ሲመልስ አገኘሁት። ሰላምታዬን አልመለሰም። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ግባ» አለችኝ። «ሞቻለሁ አሉ።»

ያደረግሁትን ሁሉ ነገርኳት። አልተቆጣችም። «አሰማኝ» አለች። ማዳመጫውን አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማች። ለእኔ ኽምጣናው ግማሹ ብቻ ነው የሚገባኝ፤ እሷ ግን ተወልዳ ያደገችበት ነው። ስትጨርስ ማዳመጫውን ጭኗ ላይ አደረገች።

«ይህች የማን እናት ናት?» አለችኝ። «እኔ እንዝርት አልወድም። ከልጅነቴ ጀምሮ ጠልቼው ነው የኖርኩት።»

ማዳመጫውን ከጭኗ ላይ አነሣሁ።

«ሴትዮዋ ጥፋት የለባትም፤ የነገርካትን ነው ያለቀሰችው። ነገ ትወስደኛለህ።»

የድምፅ ባለሙያውም መቅረጫውን ይዞ አብሮን መጣ፤ ጽጽቃ አድረን በማግሥቱ በእግር ጀመርን። ያ የግማሽ ቀን መንገድ ከእሷ ጋር ቀኑን ሙሉ ፈጀ። ጥላ ባየች ቁጥር ታርፋለች። እኔ እቀድማለሁ፣ እመለሳለሁ፣ ደግሞ እቀድማለሁ። «አንድ ቦታ ቁም» አለችኝ። «መንገዱ አይደለም ያደከመኝ፤ አንተን ማየት ነው።»

አልቃሿ ከሩቅ አይታን ብድግ አለች።

«የሞትኩት እኔ ነኝ» አለቻት እናቴ በኽምጣና።

ሴትዮዋ ቀርባ ትከሻዋን ደጋግማ ሳመቻት። ቀጥላ ወደ እኔ ዞረች።

«ድምፄን መልስ።»

«ይቅር ይበሉኝ፤ በድያለሁ» አልኩ።

«ድምፄን።»

ሌላ ቅጂ አልነበረንም። የድምፅ ባለሙያው ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ «አጥፋው» አልኩት። እንድታምን ብሎ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጎ ባዶውን አሰማት። ዓይኗን ጨፍና ብዙ አዳመጠች።

እዚያው አደርን። ጠዋት ሁለቱ ሴቶች ማሽላውን እያነፈሱ በኽምጣና ሲያወሩ ወሬው ወደ ዘፈን ተለወጠ። አልቃሿ የአረም ዘፈን ጀመረች፣ እናቴ ተቀበለች። ድምፅዋ ወፍራም ነው፣ አይፈራም። ቤታችን ውስጥ የሚሰማው የአባቴ ዜማ ብቻ ስለነበር፣ እናቴ እንደምትዘፍን በዚህ ዕድሜዬ ገና ማወቄ ነበር። የድምፅ ባለሙያው እጁን ወደ ቦርሳው ሰደደና አየኝ። «ተወው» አልኩት። እንዲህ ስል ጣቶቼ ጉልበቴን ይቆነጥጡ ነበር።

ፊልሙ ያለ ሙሾ ወጣ። ቀብሩ ላይ የሚሰማው አፈር ሲመለስ ብቻ ነው። አንዳንዱ ተመልካች «ድምፁ ተበላሽቶባችሁ ነው?» ብሎ ጠይቆኛል፤ አንዳንዱ ከፊልሙ ሁሉ ያን ቦታ ወዶታል። እኔ ግን እዚያ ሲደርስ አዳራሽ ውስጥ መቀመጥ አልችልም፤ ተነሥቼ እወጣለሁ።

አሁን ሰቆጣ እናቴ ዘንድ ስሄድ ቁጭ ብዬ እበላለሁ። ስለ ራሷ እጠይቃታለሁ፤ ሲያሻት ትነግረኛለች፣ ካላሻት «ይህን ደግሞ ለማን ልታሰማው ነው?» ትላለች። በአራተኛው ቀን ግቢውን መዞር ስጀምር ራሷ ሻንጣዬን ታቀብለኛለች።

አልቃሿ በገበያተኛ ሰላምታ ትልክላታለች። ለእኔ ልካ አታውቅም። አንድ ጊዜ እናቴን አማልጂኝ ብያት፣ «መንገዱን ታውቀው የለ? ራስህ ሂድ» አለችኝ። ስንት አገር ስዞር እኖራለሁ፣ ወደዚያ ግን እስካሁን አልሄድኩም።