ቆንጥር የተባልኩት እኔ ነኝ

ይህ ነገር ያጋጠመኝ ባለፈው ሰኔ፣ ዝናቡ ሲጀምር ነው። ለእህቴም ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩትም። ከዚያ ወዲህ ሰው ስልኩን ከፍቶ ሲሰጠኝ እጄ ይቀዘቅዛል፤ ስራዬ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ የሰው ስልክ መያዝ ነው።

ስሜ ይቅር። ጎፋ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከአንዱ ህንጻ ስር ትንሽ ሱቅ አለችኝ። የስልክ ከቨርና ቻርጀር እሸጣለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ የተጨናነቀ ስልክ አስተካክላለሁ። እንጀራዬ ግን ፊልም መጫን ነው። ደንበኛ ፍላሹን ያመጣል፣ እኔ የፈለገውን ከኮምፒዩተሬ እገለብጥለታለሁ። የሀገር ውስጡም የውጩም አለ። ለዚህ ስራ ፈቃድ የለኝም፤ ፈቃድ ያለው ሰውም አላውቅም።

ደንበኛ ሲጠፋ ሱሴ ክርክር ነው። አንዳንዱ ጫት ይቅማል፣ እኔ እከራከራለሁ። በሺህ የሚቆጠር ሰው ያለበት የቴክኖሎጂ መወያያ ግሩፕ ውስጥ ነበርኩ። ጠዋት የትኛው ስልክ ባትሪው ይቆያል ተብሎ የተጀመረ ወሬ ከምሳ በኋላ ፖለቲካ ሆኖ ይገኛል፤ ማን እንዳዞረው አይታወቅም። እዚያ ስሜ «ቆንጥር» ነው፣ ምስሌ ደግሞ የእሾህ ቅርንጫፍ። ሴት መሆኔን አልተናገርኩም። ሴት ናት ከተባለ ክርክሩ ይቀርና ቁጥርሽን ስጪኝ ይጀመራል። ሁሉም ወንድሜ ይለኛል፣ እኔም ዝም ብዬ ወንድም ሆኜ ቀረሁ። ሱቅ ውስጥ ሰው አክባሪ ነኝ፤ እዚያ ግን ምላሴ ይረዝማል።

«ጆሮ» የሚባል ሰው ነበር። ብዙ አይጽፍም። ሲጽፍ ግን ነጥቡን ሳይቀር አስተካክሎ፣ ሳይሳደብ ነው፤ ይኼ ራሱ ያናድደኝ ነበር። አንድ ቀን ፊልም በፍላሽ የሚጭኑ ሱቆች ሌቦች ናቸው ብሎ ጻፈ። ተነሳሁበት። ከውጭ በካርድ ከፍሎ ማየት የሚችለው ስንቱ ነው፣ ሲኒማ ቤቱስ ለማን ይቀርባል፣ ፊልም ሰሪዎቹ ራሳቸው የሚያቀናብሩት በተሰረቀ ፕሮግራም አይደለም ወይ አልኩት። ለእያንዳንዱ ረጋ ብሎ መለሰልኝ። በመጨረሻም «ሌባ ስላልኩህ አትቆጣ፤ ስድብ አይደለም፣ የስራህ ስም ነው» አለኝ።

ሰዉ ሳቀብኝ። ከስሩ የሳቅ ምልክት ሲደረደር ሳይ ፊቴ ጋለ። የሱቄ ኪራይም፣ የታናሽ እህቴ ትምህርትም የሚወጣው ከዚያች ስራ ነው።

እንግዲያው ከመንግስት ጀምር፣ የመስሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር ሁሉ የሚሰራው በተሰረቀ ፕሮግራም ነው ብዬ ጻፍኩ። ይክደኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን ተስማማ። መልሱን እስካሁን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «እውነትህን ነው። የኛም ቢሮ እንደዚያው ነው። አለቆቻችን ስለ ዲጂታል ዘመን የሚያነቡት ንግግር የሚጻፈው በተሰረቀ ፕሮግራም ነው። ይህን የምለው ማንንም ለመክሰስ አይደለም፤ እኔም እዚያው ተቀምጬ ስለምሰራ ከሌቦቹ አንዱ ነኝ፣ ሁላችንም ብናፍር ይሻላል ብዬ ነው።»

ስክሪንሹት አነሳሁት። ከዚያ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ቆርጬ ጣልኩት። ቀደም ሲል ስለ ድምጽ መቅጃ ሲያወራ የስራ ጠረጴዛውን ፎቶ ለጥፎ ነበር፤ ከጀርባው የመስሪያ ቤቱ ስም ያለበት ጨርቅ ይታያል። እሱንም ፈልጌ አገኘሁ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ አንድ ትልቅ የፖለቲካ ግሩፕ ላይ ለቀቅኩት። ከላዩ «የመንግስት ደመወዝ እየበላ አለቆቹን ሌባ የሚል ሰራተኛ» ብዬ ጻፍኩበት። የመንግስት ደጋፊ ሆኜ አይደለም። እሱን የሚያሳምም ሌላ ነገር ስላላገኘሁ ነው።

ሁለት ሰዓት አልፈጀም። ግማሹ የመንግስት ጠላት ነው አለው፣ ግማሹ ደግሞ ራሱ ካድሬ ነው፣ እያስመሰለ ነው አለ። ምስሉ ከግሩፕ ግሩፕ ሄደ። የቴክኖሎጂው ግሩፕ ኃላፊዎች ነገሩ ሲከርርባቸው ውይይቱን በሙሉ ሰረዙና ጆሮን አስወጡት። እኔም በግል መጥቶ እንዳይጨቀጭቀኝ ብሎክ አደረግኩትና ምሳዬን በላሁ። የዚያን ቀን ምሳ ጥሞኝ ነበር፣ ይህንንም አልደብቅም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ጋሽ ዳኜ ወደ ሱቄ መጡ። ጋሽ ዳኜ ከኋላችን ካለው ህንጻ አራተኛ ፎቅ ላይ ከባለቤታቸው ጋር የሚኖሩ፣ ጡረታ ሊወጡ አራት ዓመት የቀራቸው የመንግስት ሰራተኛ ናቸው። የሞባይል ካርድ የሚገዙት ከኔ ነው። ሲመጡ ስለ እህቴ ትምህርት ሳይጠይቁኝ አይሄዱም። ፊልም አስጭነው ግን አያውቁም፣ ፊልም የማይወዱ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ደብዳቤ አምስት ኮፒ እንዳነሳላቸው ሰጡኝ። በኛ ስራ የሰው ደብዳቤ አይነበብም፣ ዓይን ግን ያነባል። የመስሪያ ቤቱን ስም የሚያጎድፍ ጽሑፍ በማሰራጨት ከስራና ከደመወዝ ታግደዋል፣ ጉዳይዎ ሐሙስ በዲሲፕሊን ኮሚቴ ይታያል ይላል። የመስሪያ ቤቱ ስም ከጆሮ ፎቶ ጀርባ ያየሁት ነው። ወዲያው ግን ትልቅ መስሪያ ቤት ነው፣ ስንት ሰራተኛ አለው ብዬ ራሴን አረጋጋሁ።

ስልኬም ሞልቷል እያለ አስቸገረኝ አሉና ከፍተው ሰጡኝ። እሳቸው ዳቦ ሊገዙ ወጡ።

ስልክ ሲሞላ መጀመሪያ የምናጸዳው የመልእክት መላላኪያውን ነው፤ ቪዲዮውም ፎቶውም የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ከፈትኩት። የባለቤቱ ስም «ጆሮ» ይላል። ከስሙ ስር፣ ከሁሉም በላይ የተቀመጠው የእኔ የእሾህ ቅርንጫፍ ነበር።

ነካሁት። አስራ አንድ መልእክት ተልኳል። ብሎክ ስላደረግኳቸው አንዱም አልደረሰኝም፣ አንዱም አልተነበበም። የመጀመሪያው «ወንድሜ ቆንጥር፣ ተበሳጭተህ እንደሆነ ገብቶኛል፤ ያንን ምስል ግን እባክህ አጥፋው» ይላል። መሃል ላይ «ዛሬ ቢሮ ጠሩኝ። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ባሳያቸው ነገሩ ይቀልልኛል። ውይይቱ ተሰርዟል፣ እኔ ጋ የለም። ሙሉው አንተ ጋ ካለ ላክልኝ» ይላል። የመጨረሻው የተጻፈው በዚያው ዕለት ጠዋት ነበር። «ምናልባት ስልክህ ተበላሽቶ ይሆናል። ሲሰራልህ ታየዋለህ።»

ለዓመታት እርስዎ እያልኩ የማነጋግራቸውን ሰው እዚያ አንተ ደደብ ብያቸዋለሁ። የፕሪንተር ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ።

ዳቧቸውን ይዘው ተመለሱ። ስልኩን ስሰጣቸው እዚያው ፊቴ ከፍተው ቅርንጫፉን አሳዩኝ።

«አንቺ የስልክ ነገር ታውቂያለሽ፣ የኔ ልጅ። ይኼን ሰው ማግኘት የሚቻልበት መንገድ አለ?»

«ለምን ፈለጉት?» አልኩ።

«ልጣላው አይደለም። አንዲት ምስል ብቻ ናት። እሱ ጋ ትኖራለች።»

ቁጥሩን ከደበቀ ማግኘት አይቻልም አልኳቸው። ይህ እውነት ነው፤ የዚያን ቀን የተናገርኩት እውነት እሱ ብቻ ነው። ቆመው ትንሽ አወሩኝ። መስሪያ ቤት ከመግባታቸው በፊት ፊልም ላይ ድምጽ ቀጂ ነበሩ። የመጨረሻው የሰሩበት ፊልም ሲኒማ ገብቶ ሁለተኛ ሳምንቱን ሳይጨርስ በየፍላሹ ተበተነ፣ ፕሮዲውሰሩ ከሰረ፣ እሳቸውም መሳሪያቸውን ሸጡ። ይህን ሲነግሩኝ ዓይናቸው የሱቄ ግድግዳ ላይ ከለጠፍኳቸው የፊልም ፖስተሮች ላይ አረፈ። «አንቺን ማለቴ አይደለም፣ አንቺም መብላት አለብሽ» አሉኝ።

ሙሉው ምስል ስልኬ ውስጥ ነበር። ሳልቆርጠው በፊት ያነሳሁት፣ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ሳይጎድል። ጋሽ ዳኜ ኮሚቴው ፊት እስኪቀርቡ የቀራቸው ሶስት ቀን ነበር፣ እኔ ደግሞ መላክ የሚፈጅብኝ ሶስት ሴኮንድ።

ሰኞ ማታ የለጠፍኩትን አጠፋሁ፤ ግን ሌላ ቦታ ሁሉ ሞልቷል። ማክሰኞ ደንብ አስከባሪዎች በሰፈሩ ሱቅ እየፈተሹ ነው የሚል ወሬ መጣ። ኮሚቴው ምስሉን ከየት አገኙት ብሎ ነገሩን ቢከታተል፣ ከዚያ እኔ ጋ ቢደርሱ፣ ኮምፒዩተሬን ቢከፍቱት ብዬ አሰብኩ። ረቡዕ ብሎኩን አነሳሁ። ምስሉን መረጥኩት። ደንበኛ ገባና ስልኩን አስቀመጥኩት፣ ደንበኛው ሲሄድም መልሼ አላነሳሁትም። ሐሙስ ሱቁን ዘግቼ ከቨር ላመጣ መርካቶ ሄድኩ፤ ሱቅ ውስጥ ግን ከቨር ነበረኝ።

ሙያዬ ስለሆነ አውቀዋለሁ። በዚያ ምስል ማንም እኔን ሊያገኘኝ አይችልም ነበር። ደንብ አስከባሪውም ፍተሻውም ሰበብ ነው። ጋሽ ዳኜ መቼም ባያውቁብኝ እንኳ፣ እኔ ቆንጥር መሆኔን ራሴ ማመን ነው ያቃተኝ። ፈሪ ነኝ።

ዓርብ ጠዋት ላክሁት። ይቅርታ፣ አሁን ገና ነው ያየሁት ብዬ ዋሸሁ። ደቂቃ ሳይሞላ መለሱልኝ።

«ተባረክ ወንድሜ። ስልክህ እንደተበላሸ ገምቼ ነበር። ኮሚቴው ትናንት አሰናብቶኛል። ቢሆንም ይግባኝ ላይ አያይዘዋለሁ።»

ክረምቱን ይግባኙን ይዘው ሲመላለሱ አየኋቸው። ኮፒውን የማነሳላቸው እኔ ነኝ። በጳጉሜ ኮንዶሚኒየሙን አከራይተው ፉሪ፣ ወንድማቸው ግቢ ያለች ሰርቪስ ቤት ገቡ። ዕቃው ተጭኖ ሲያልቅ ሊሰናበቱኝ መጡ። ሰውየው ምስሉን ላከልኝ፣ ክፉ ሰው አይደለም አሉኝ። ይግባኝ ሰሚዎቹ ግን ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ምስል አንቀበልም፣ ያነሳው ሰው ቀርቦ ይመስክር ብለዋቸዋል። ቀጠሮው ለጥር ነው። «ይመጣል ብዬ አስባለሁ» አሉኝ። እኔም ይመጣል አልኳቸው። አልቅሼ ነበር፤ ስለተለያየን መስሏቸው አጽናኑኝ።

ከግሩፑ ወጥቻለሁ። ክርክር ትቻለሁ። ፊልም መጫን አልተውኩም፣ ኪራይ አለብኝ። ሰው ደህና ነሽ ሲለኝ ደህና ነኝ እላለሁ፤ ደህና አይደለሁም። አፍራለሁ። ከሁሉም የሚከብደኝ ስድቡ አይደለም፣ ምስሉን መቁረጤም አይደለም። ጋሽ ዳኜ በእንቁጣጣሽ «እንኳን አደረሰህ ወንድሜ» ብለው ለቆንጥር መጻፋቸው ነው። በዚያ ሁሉ መሃል የቀረላቸው ደግ ሰው እሱ መሆኑ ነው።

አሁን ኅዳር ነው። ባለፈው ሳምንት እንዲህ ብለው ጻፉ። «አንድ ቀን ብቻ ና። ያለፈውን አላነሳብህም፣ የታክሲህን እኔ እከፍላለሁ።»

ፉሪ ከጎፋ ሩቅ አይደለም። መልእክቱን እንዳነበብኩት ስልካቸው ያሳያቸዋል። እስካሁን አልመለስኩላቸውም።